ትንሽ ማንዋል መኪና ልትገዛ ነው? መጀመሪያ ደንገጎን አስወጣት

የአንባብያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ። የምኖረው ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ነው። መምህር ነኝ። ከባለቤቴ ጋር ለዓመታት ያጠራቀምናት ገንዘብ አለች፣ ትንሽ ብድር ጨምረንባት መኪና ልንገዛ ነው። እናቴ ሐረር ስላለች አዘውትረን ወደ ሐሮማያ የሚያወጣውን የደንገጎን ዳገት እንወጣለን። ደላላ ሁለት መኪና አሳይቶናል። አንዷ በፈረንጆቹ የ2003 ሞዴል ቶዮታ ያሪስ 1.0 ናት፣ ሌላዋ የ2008 ኪያ ፒካንቶ 1.1። ሁለቱም ማንዋል ናቸው። ፒካንቶዋ አዲስ ቀለም ተቀብታለች፣ የሄደችው 90,000 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው ይላሉ። ያሪሷ 240,000 አልፋለች፣ ቀለሟም ደብዝዟል። ደላላው ፒካንቶዋን ውሰድ እያለ ወጥሮ ይዞኛል። እኔ ስለ መኪና ብዙም አላውቅም። መንገድ ላይ የማታስቀረኝ የትኛዋ እንደሆነች በምን ልለይ? (መምህሩ፣ ከሳቢያን)

መልስ፦ ወንድሜ፣ መኪኖቹን በዓይኔ ሳላይ ይቺን ግዛ፣ ያቺን ተው ልልህ አልችልም። ግን ሁሉም ሰው ቀድሞ የሚያሳይህን ሁለት ነገር፣ ኪሎ ሜትሩንና ቀለሙን፣ ለጊዜው ተዋቸው። ኪሎ ሜትር ይቀነሳል። ቆጣሪው ዲጂታል ስለሆነ አይነካም የሚልህ ካለ አትስማው። ቀለም ደግሞ የሚቀባው ወይ መኪናዋ ተጋጭታ ነው፣ ወይ ፀሐይ በልቷት ነው፣ ወይ ልትሸጥ ስለሆነ ነው። የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ትንሽ ማግኔት በስስ ጨርቅ ጠቅልለህ በሩንና ፓራፋንጎውን ዳስሰው። ብረት መሆን ሲገባው ማግኔቱን የማይዝ ቦታ ካገኘህ ከሥሩ ያለው ስቱኮ ነው። ትንሽ ስቱኮ ምንም አይደል፣ ድሬ ላይ ባጃጅ ያልነካው መኪና የት ይገኛል። የፊት ለፊቱ ግማሽ በሙሉ ስቱኮ ከሆነ ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

90,000 ኪሎ ሜትር ብቻ የሄደች መኪና የፍሪሲዮን ፔዳሏ ጎማ ተልጦ ብረቱ አይታይም። መሪዋ እጅ የበላው አይመስልም፣ የሾፌሩ ወንበርም በመውጫው በኩል አይሰምጥም። የፒካንቶዋን ፔዳል፣ መሪና ወንበር ከያሪሷ ጋር አስተያያቸው። ተመሳሳይ ከሆኑ 90,000 የሚባለውን እርሳው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። የእኛን አካባቢ መኪና የሚጥላት ሙቀትና ዳገት ነው። ድሬ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ በግንቦትና በሰኔ እኩለ ቀን ላይ 35 ዲግሪ ትገባለች። ከዚያ ተነስተህ በደንገጎ አድርገህ ሐሮማያ ስትደርስ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ ነህ። ትንሽ ሞተር በዚያ ሙቀት 800 ሜትር ሽቅብ ስትወጣ የተሸፋፈነ ሕመሟ ሁሉ ብቅ ይላል። ስለዚህ ሳቢያን ውስጥ ሁለት ዙር አዙረህ «ጥሩ ናት» ብለህ አትመለስ። ደንገጎን አስወጣት። ሻጩ ካቅማማ ነዳጁን እኔ እችላለሁ በለው። ያኔም እምቢ ካለ ተወው፣ የሚያውቀው ነገር አለ።

ከዚያ በፊት ግን ቀዝቅዛ አግኛት። ለሻጩ ከጠዋቱ 12 ሰዓት እመጣለሁ፣ ሳታስነሳት ጠብቀኝ በለው። ስትደርስ እጅህን ኮፈኑ ላይ አድርግ። ሞቆ ካገኘኸው ቀድሞ አስነስቷታል፣ ቀዝቃዛ ሞተር የሚናገረውን እንዳትሰማ ፈልጓል ማለት ነው። ቀጠሮውን ለሌላ ቀን አድርገው። ቀዝቃዛ ከሆነች የራዲያተሩን ክዳን ክፈት፤ ይህን ሞተር ሲሞቅ እንዳትሞክረው፣ ፊትህን ያቃጥልሃል። ውስጡ ያለው ፈሳሽ ንጹሕ አረንጓዴ ወይም ቀይ ከሆነ መልካም። ዝገት የመሰለ ቡናማ ከሆነ የቧንቧ ውሃ ሲሞሉባት ኖረዋል። የድሬ ውሃ ማንቆርቆሪያ ላይ የሚጋግረውን ነጭ ነገር ታውቀዋለህ፣ የራዲያተሩን ቀጫጭን ቱቦዎችም እንደዚያው ነው የሚደፍናቸው። ፈሳሹ ላይ ዘይት ከተንሳፈፈ፣ ወይም የሞተር ዘይት መሙያው ክዳን ሥር ወተት የመሰለ አረፋ ካየህ፣ የቴስታታው ጓርኒሲዮን (የሞተሩ ራስ ማሸጊያ) ተበልቷል ብለህ ጠርጥር። እንዲህ ያለችውን መኪና ገንዘብ ያለውና መካኒክ ወንድም ያለው ሰው ይግዛት። አንተ ተዋት።

እዚያው እያለህ ሁለት ነገር ጠይቅ። አንደኛ፣ ቴርሞስታቱ (የሞተሩን ሙቀት የሚቆጣጠረው ትንሽ ቫልቭ) አለ ወይ? ቆላ አገር ሞተር ሲሞቅ ብዙ መካኒክ ቴርሞስታቱን አውጥቶ ይጥልና «ቀለለች» ይላል። ሕመሙ ግን እንዳለ ነው፣ ምልክቱ ብቻ ነው የተደበቀው። እንዲህ የተደረገባት መኪና ሐሮማያ ላይ በቀዝቃዛ ጠዋት ሜዳውን ስትነዳት የሙቀት መለኪያዋ ከታች አይነሳም። ሁለተኛ፣ የራዲያተሩ ማራገቢያ በራሱ ነው የሚነሳው ወይስ በተጨማሪ ማብሪያ? ዳሽቦርዱ ሥር እንግዳ ማብሪያ ተሰክቶ ካገኘህ፣ ወይም ቁልፍ ስታዞር ማራገቢያው ወዲያው መጮህ ከጀመረ፣ አንድ ቀን ሞቃ ያውቃለች። ለምን እንደሞቀች ማወቅ አለብህ።

ከዚያ አስነሳት። አንተ ከኋላ ቆመህ ሌላ ሰው ያስነሳልህ። ጠዋት ላይ ትንሽ ነጭ እንፋሎት ወጥቶ ቢጠፋ ምንም አይደል። ሞተሩ ከሞቀ በኋላም ነጩ ካላቆመ ውሃ እየበላች ነው። ሰማያዊ ከሆነ ዘይት እየበላች ነው። ጥቁር ከሆነ ቤንዚኑ በዝቶባታል፣ እሱ ብዙ ጊዜ በቀላል ይስተካከላል።

ማንዋል መሆኗ የሚያመጣው ዋናው ጣጣ ፍሪሲዮንና ካምቢዮ (የማርሽ ሳጥኑ) ነው። እዚህ ላይ አትቸኩል። መጀመሪያ ሜዳ ላይ ቆመህ የእጅ ፍሬኑን ጥብቅ አድርገህ ያዝ፣ ከፊትህ ሰው አይኑር፣ ሦስተኛ አስገባና ትንሽ ነዳጅ ሰጥተህ ፍሪሲዮኑን ቀስ ብለህ ልቀቅ። ደህና ፍሪሲዮን ሞተሩን ወዲያው ያጠፋዋል። ፔዳሉን ሙሉ በሙሉ ለቀህ ሞተሩ አሁንም እየጮኸ ከቀጠለ ዲስኩ አልቋል። ይህን አንዴ ብቻ ሞክረው፣ መደጋገም ደህናውንም ይጨርሰዋል። ቀጥሎ ፎሌ ላይ (ማርሽ ሳይገባ) አድርገህ አዳምጥ። ፔዳሉን ስትረግጥ የሚጀምር ጩኸት ካለ ፍሪሲዮኑን የሚገፋው ኩሽኔታ (ቤሪንግ) ነው። ስትረግጥ የሚጠፋና ስትለቅ የሚመለስ ከሆነ ግን ከካምቢዮው ውስጥ ነው፣ እሱ ይከብዳል። ኩሽኔታው ርካሽ ነው እንዳትል፣ እሱን ለመቀየርም ካምቢዮ ይወርዳል። የሚያስከፍልህ የእጅ ዋጋው ነው። ያኔ ዲስኩንም አብሮ መቀየር ይሻላል፣ ስለዚህ ከዋጋው ላይ የምታስቀንሰው የሙሉውን ሂሳብ ነው።

ማርሹን ደግሞ ቀዝቅዛ እያለች ፈትን። ካምቢዮ ሲያረጅ መጀመሪያ የሚያጉረመርመው አብዛኛውን ጊዜ ሁለተኛ ነው። በሦስተኛ እየሄድክ ፍጥነት ቀንሰህ ወደ ሁለተኛ መልስ። ክርክር ብሎ ከገባ ወይም እንደ መግፋት ካለህ ውስጡ ተበልቷል። የኋላ ማርሽ ቸኩለህ ስታስገባው ትንሽ ቢጮህ አትደንግጥ፣ ብዙ መኪና ላይ እንደዚያ ነው፤ ሙሉ ቆመህ፣ ትንፋሽ ወስደህ አስገባው።

አሁን ደንገጎ። በአራተኛ 50 አካባቢ እየሄድክ ዳገቱ ሲጀምር ነዳጁን እስከ ወለሉ እርገጥ። ሞተሩ ጮኾ ዙሩ ሽቅብ ወጥቶ መኪናዋ ግን ባለችበት ከቀረች ፍሪሲዮኗ እየተንሸራተተ ነው፣ ትንሽ ቆይቶ የሚቃጠል ሽታ ይመጣል። ሞተሩም መኪናዋም አብረው ከደከሙ ግን እሱ ሌላ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር 1,000 ሜትር በወጣህ ቁጥር 10 በመቶ ገደማ ጉልበቱን ያጣል፣ ሁለቱም መኪኖች ደግሞ አዲስ ሆነው እንኳ ከ70 የፈረስ ጉልበት አይበልጡም። አራት ሰው ጭነህ ሁለተኛ ብትጠይቅህ መብቷ ነው። ብዙ ሰው ይህን ሁለቱን ሳይለይ ደህና መኪና ጥሎ ይመለሳል፣ ወይም ያለቀ ፍሪሲዮንን «ያው ትንሽ ሞተር ስለሆነች ነው» ሲሉት አምኖ ይገዛል። ዙሩንና ፍጥነቱን አብረህ ተመልከት፣ ልዩነቱ እዚያ ነው ያለው። የሙቀት መለኪያዋም ሽቅብ እየወጣች በዚያው ከመካከል ካለፈች ዳር ያዝ።

ቁልቁለቱን ስትመለስ ሦስተኛ ላይ አድርገህ ነዳጁን ሙሉ ልቀቅ። ማርሹ በራሱ ወደ ፎሌ ዘሎ ከወጣ ያቺን መኪና በነፃም አትውሰዳት። ደንገጎ ቁልቁለት ላይ በፍሬን ብቻ መቅረት ምን እንደሆነ አንተም ታውቃለህ። ታች ስትደርስ ነዳጅ ስትረግጥ ከኋላ ሰማያዊ ጭስ ቡፍ ካለ ዘይት በቫልቮቹ በኩል እየወረደ ነው፤ ትኖራለች፣ ግን ዘይት እያየህ መጨመር አለብህ። የፍሬን ፔዳሉ ለስልሶ ወደ ታች ከሄደም ልብ በል። ከዚያ ድሬ፣ ከዚራ ሰፈር መጥተህ፣ ኤሲ ካላት አብርተህ፣ ቆማ እየሠራች ሩብ ሰዓት ያህል ጠብቅ። ማራገቢያው ተነስቶ መልሶ ከጠፋና መለኪያዋ ካልተነቃነቀች ከባዱን ፈተና አልፋለች። በመጨረሻ ሰፊ ቦታ ላይ መሪውን እስከ ዳር ጠምዝዘህ ቀስ ብለህ ዙር። ከጎማው በኩል ቀጭ ቀጭ ካለ ጎማውን የሚያዞረው ዘንግ ጆይንት ነው።

ደላላ የማይነግርህ ሁለት ነገር ልጨምርልህ። ትንንሽ ማንዋል መኪኖች መንጃ ፈቃድ ማሰልጠኛ ውስጥ ብዙ ይሠራሉ። ለማጅ ደግሞ ፍሪሲዮንና ካምቢዮ ላይ የሚያደርሰውን ታውቃለህ፣ አይፈረድበትም፣ እየተማረ ነው። በረዳት ወንበር በኩል ምንጣፉን ግለጥ። የአሰልጣኙ ተጨማሪ ፔዳል የነበረበት ቀዳዳ ወይም የብየዳ ምልክት ካለ ነገሩ ገብቶሃል። ሁለተኛው፣ በእኛ በኩል መሪያቸው ከቀኝ ወደ ግራ የተዛወረ መኪኖች ይገኛሉ። ሶማሌላንድ የሚነዱት በብዛት መሪያቸው ቀኝ የሆነ የጃፓን መኪኖች ናቸው። የተዛወረ ከሆነ የዝናብ መጥረጊያዎቹ የሾፌሩን ሳይሆን የረዳቱን ወገን የሚጠርጉ ይመስላሉ፣ ዳሽቦርዱም ተቆርጦ የተገጠመ ይሆናል። ማንዋል ላይ ፔዳሎቹም አብረው ስለሚዛወሩ የፍሪሲዮኑ ገመድ ወይም ቱቦ ባልተሠራለት መንገድ ነው የሚሄደው። እኔ እንደዚህ ያለችውን አልገዛም። ቀረጧ መከፈሉም ራሱን የቻለ ጥያቄ ነው፣ ዲክላራሲዮኗን (የጉምሩክ ወረቀቷን) ሳታይ አንድ ብር እንዳትከፍል።

ወረቀቱም ላይ እንዲሁ ጥብቅ ሁን። የሞተርና የሻንሲ ቁጥሩን ራስህ ጎንበስ ብለህ ከሊብሬው ጋር አመሳክር። ብድር ወይም እገዳ እንዳለባት ፋይሏ ካለበት የትራንስፖርት ቢሮ ሳትጠይቅ አትፈርም። «በውክልና እንጨርሰው፣ ስሙን በኋላ ታዛውራለህ» ካሉህ እሺ አትበል። ውክልናውን የሰጠው ሰው ነገ ሊሽረው ይችላል፣ ሞቶም ሊገኝ ይችላል።

መካኒክህን ራስህ አምጣ፣ የቀን አበሉንም ራስህ ክፈለው። ደላላው ይዞት የመጣ መካኒክ ለደላላው ነው የሚሠራው።

ታዲያ ከሁለቱ የትኛዋ? ሁለቱም ይህን ሁሉ ካለፉ እኔ ያሪሷን እወስዳለሁ። የእሷ ሞተር የቫልቮቹን መከፈቻ ጊዜ የሚጠብቀው በሰንሰለት ነው፣ የፒካንቶዋ 1.1 ግን በቺንጋ (በጎማ ቀበቶ) ነው። ይህ ቺንጋ እንደ መኪናው ዓይነት በየ60,000 እስከ 100,000 ኪሎ ሜትር መቀየር አለበት፣ በብዙ ሞተር ላይ ሲበጠስ ቫልቭ ያጣምማል። የፒካንቶዋ ባለቤት መች እንደቀየረው ደረሰኝ ካላሳየህ ገና እንዳልተቀየረ ቁጠረው፣ ወጪውንም ከዋጋው ላይ አስቀንስ። ያሪሷም ብትሆን ጠዋት ስትነሳ ለጥቂት ሰከንድ እንደ ሰንሰለት ከተንኳኳች ምናልባት ዘይቷ በጊዜው አልተቀየረም። ከዚያ ውጪ 240,000 ብሎ እውነቱን ያልደበቀ ሻጭ እኔ ዘንድ ዋጋ አለው። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ከውጭ እንዳይገባ ስለተከለከለ ያው የነበሩት ናቸው ከእጅ ወደ እጅ የሚዞሩት፣ ዋጋውም አይቀመስም። አትቸኩል አቦ፣ ይቺ ብታመልጥህ ሌላ ትመጣለች።

ጥያቄ፦ እኔ ሐረር፣ ጁገል አካባቢ ነኝ። ነርስ ስለሆንኩ የሌሊት ተረኛ እሆናለሁ። ሱዙኪ አልቶ 800 ማንዋል አግኝቻለሁ። መንጃ ፈቃዴ የማንዋል ነው። ሰው ሁሉ ግን «ለሴት አውቶማቲክ ነው የሚሻለው፣ የሐረር ዳገት ላይ ማንዋል ያስለቅስሻል» ይለኛል። እውነት ነው? (ከጁገል)

መልስ፦ እህቴ፣ አይደለም። ፍሪሲዮን ወንድና ሴት አይለይም። አልቶ ደግሞ ለጁገል ጠባብ መንገድ የምትመች፣ ፔዳሏ ቀላል፣ ውስጧም ያልተወሳሰበ መኪና ናት። ሐረር ለስንት ዓመት በፔጆ 404 ታክሲ ስትሠራ የኖረችው ለምን ይመስልሻል? ያቺ መኪና መሠራት የጀመረችው በ1960 እ.ኤ.አ. ነው። ሌላ አገር ሙዚየም ስትገባ እዚህ የቆየችው የሰፈሩ መካኒክ ዓይኑን ጨፍኖ ስለሚሠራትና መለዋወጫዋ ስለሚገኝ ነው። አልቶም ላይ መጀመሪያ የምትጠይቂው ይህንን ነው፤ ሰፈርሽ ያለ መካኒክ ያውቃታል ወይ?

ዳገቱን የምትፈሪው ከሆነ ከሻጩ ጋር ወደ ሸዋ በር ሂዱና ዳገት ያለበት ቦታ ላይ አቁሚያት። በእጅ ፍሬን ብቻ ትቆማለች? ፍሬኑን ይዘሽ ፍሪሲዮኑን ቀስ ብለሽ ስትለቂ አፍንጫዋን ቀና ታደርጋለች፣ ያኔ የእጅ ፍሬኑን ትለቂዋለሽ። ስትነሳ ከተንቀጠቀጠች ዲስኩ ወይም የሚጫነው ሳህን ጤና የለውም። የእጅ ፍሬኗ እስከ ላይ ተስቦ የማይዝ ከሆነ ሐረር ውስጥ እንዲህ ዓይነት መኪና ይዘሽ እንዳትወጪ፣ አሠርተው ይስጡሽ። አንድ ነገር ደግሞ ልመጂ፣ ዳገት ላይ ስትቆሚ መኪናዋን በፍሪሲዮን አንጠልጥለሽ አትያዣት። ዲስክ የሚጨርሰው ይህ ነው።

አልቶ 800 ላይ ፍሪሲዮኑ በገመድ ነው የሚሠራው። ኮፈኑን ከፍተሽ ገመዱ የሚያልቅበትን ማስተካከያ ብሎን መካኒኩ ያሳይሽ። ብሎኑ እስከ ጥርሱ ጫፍ ከደረሰ ከዚህ በኋላ የሚስተካከል የለም፣ ዲስኩ ወይም ገመዱ አልቆ ሊሆን ይችላል። ገና ብዙ ጥርስ ከቀረው ደስ ይበልሽ። የአልቶዋም ሞተር ቺንጋ አለው፣ ከላይ ለመምህሩ ያልኩትን አንብቢው።

የሌሊት ተረኛ መሆንሽ ደግሞ ለማንዋል የሚያደላ ነገር ነው። ባትሪ ሲደክም ቁልፉን ከፍተሽ፣ ሁለተኛ አስገብተሽ፣ ሁለት ሰው ገፋ ካደረገልሽ ወይም ቁልቁለት ካለ ትነሳለች። ፈጽሞ ሞቶ ዳሽቦርዱ እንኳ የማይበራ ከሆነ ግን አትድከሚ፣ የቤንዚኑ ፓምፕም ኤሌክትሪክ ይፈልጋል።

ጥያቄ፦ ሻጩ «ሞተሩ ገና ተሠርቶ ነው፣ እንደ አዲስ ነው» ይለኛል። ይህ ጥሩ ነው መጥፎ? (ከድሬዳዋ፣ ቀፊራ)

መልስ፦ ለምን ተሠራ ብለህ ጠይቀው። ዘይት እየበላች ፋሻ (የፒስተን ቀለበት) ተቀይሮላት ከሆነና የፋሻውን፣ የኩሽኔታውንና የጓርኒሲዮኑን ደረሰኝ፣ የሠራውንም ጋራዥ ካሳየህ መልካም ነው። ሄደህ መካኒኩን አናግረው። ሞቃ ከሆነ ግን ቴስታታው ተጣሞ ተልጦ ነበር ወይ በል፣ ራዲያተሩም አብሮ ተሠርቶ እንደሆነ ጠይቅ፤ ሞተሩን አድሶ አሮጌውን ራዲያተር የመለሰ ሰው ሥራውን በግማሽ ነው የተወው፣ ደንገጎ ላይ መልሳ ትፈላለች። ደረሰኝም ጋራዥም ከሌለ «ተሠርቷል» ማለት ምናልባት ታጥቧል ማለት ነው። የታጠበ ሞተር የት እንደሚያንጠባጥብ አይታይም፣ ስለዚህ ሦስት አራት ቀን ተነድታ እንደገና ከሥሯ ካርቶን አንጥፈህ አሳድራት፣ ጠዋት ካርቶኑን ተመልከተው።